ያበጠው ፊደል

ፊደሉን የማያውቀው ሰው የለም። ሽቶ ጠርሙስ ላይ አለ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ አለ፣ የቀሚስ መሸጫ መስኮት ላይ፣ የፋሽን መጽሔት ሽፋን ላይ፣ ወንበሩ ከሰው ልብስ በላይ በሚያምርበት ሆቴል በር ላይ አለ። ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ ነው፤ ንፋስ ከኋላ እየገፋው ቀድሞ ለመድረስ የቸኮለ ይመስላል። አንዱ መስመር አውራ ጣት ሲያህል አጠገቡ ያለው እንደ ፀጉር ይቀጥናል፤ በየመስመሩ ጫፍም ጥፍር የመሰለች ሹል እግር አለችው። ሰው ይህን ፊደል ሲያይ ዕቃው ውስጥ ያለው ነገር ውድ ይመስለዋል። የተፈለገውም ይኸው ነው።

የሳለችው ሴት ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ባለ ድንጋይ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ባልደረቦቿ መርፌ ይሏታል፤ ግማሹ ስለምታወርደው ቀጭን መስመር ነው፣ ግማሹ ስለ ምላሷ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት። ፀጉሯ ላይ ሁልጊዜ የድንጋይ ዱቄት ስለሚኖር ስንቱ ሽበት እንደሆነ አይታወቅም። የሚጠይቃት ካለ፣ “እብነ በረድ ነው፣ ሲታጠብ ይለቃል” ትላለች።

በምትኖርበት ክፍል መስኮት ላይ የሽቶ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። አንዱም አልተከፈተም፤ ሽቶ አትወድም። የምትገዛቸው ለጀርባቸው ነው። ከፊት በትልቁ የተጻፈው ስም እንደ ሙሽራ ያምራል፤ ከጀርባ በትንሹ የታተመው ጽሑፍ ግን ቀጫጭን መስመሮቹ ጠፍተው ወፍራሞቹ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ጥርሱ የወላለቀ አፍ ይመስላል። መርፌ ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ወደዚያ ታያለች። ደስ ይላታል። ቀኗ በዚህ ይጀመራል።

ፊደሉን ስትስል የእህቷ ባል ማተሚያ ቤት ውስጥ ርዕስና ማስታወቂያ በእጇ የምትጽፍ ሠራተኛ ነበረች። የእህቷ ባል በሠራተኞቹ ዘንድ ሽቅርቅሩ ነው የሚባለው። ግድግዳው ሳይቀር ቀለም በሚነካበት ቤት ውስጥ ነጭ ጫማ አድርጎ የሚውል ሰው ነው። ደንበኛ ይወደዋል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲናገር፣ ዋሽቶም ቢሆን፣ የሚያምንለት አያጣም።

ፊደሉን ማንም አላዘዛትም። ከሥራ መልስ የእናቷ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ በብሩሽ ትስላለች፣ የወፈረባትን በምላጭ ትፍቃለች፣ ደግማ ትስላለች። ቀጭኑን መስመር የምታወርደው በአንድ ትንፋሽ ነበር፤ መሀል ላይ ከተነፈሰች እጇ ይንቀጠቀጣል።

“ምነው ልጄ፣ ልትጠልቂ ነው እንዴ?” ትላታለች እናቷ፣ ከጎኗ ሆና ሽንኩርት እየላጠች። “ኧረ ተንፍሺ፣ እኔን አፈነኝ።”

ሲያልቅ ሁለት አቃፊ ሞላ። አንዱ ለትልቅ ጽሑፍ ነው፤ ቀጭኑ እስከ መጨረሻው የቀጠነበት። ሁለተኛው ለትንሽ ጽሑፍ ነው፤ ቀጭኑን ሆን ብላ አብልታዋለች። ፊደል ሲያንስ ሁሉም መስመሩ እኩል አያንስም። ወፍራሙ ይተርፋል፣ ቀጭኑ ይጠፋል። ስለዚህ ለትንሽ ጽሑፍ ቀጭኑ እንደገና መሳል አለበት፤ ለየቁሱም እንዲሁ። ለወረቀት የሆነ ለጨርቅ አይሆንም፣ ለጨርቅ የሆነ ለድንጋይ አይሆንም። ይህን ሽቅርቅሩ አያውቅም ነበር፤ ማወቅም አልፈለገም።

“ይሄኛው ደግሞ ምንድን ነው?” አላት ሁለተኛውን አቃፊ ከፍቶ። “አብጧል እኮ።”

“ለትንሽ ጽሑፍ ነው። እንዳይጠፋ አብልቼው ነው።”

“ፊደል ይበላል እንዴ?” ሳቀ። “ፊደል ፊደል ነው ዋርሳዬ። ማሳነስ ከፈለግን ኮምፒውተሩ ያሳንሰዋል። ያበጠውን ውሰጂው። የሚያምረው ይበቃኛል።”

ያበጠውን አቃፊ በብብቷ ይዛ ወጣች።

ከወራት በኋላ የማተሚያ ቤቶች ማኅበር በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሽልማት ሰጠ። ቤተሰቡ በሙሉ ከፊት ረድፍ ተቀመጠ። የመድረክ መሪው “የዓመቱ ምርጥ ፊደል ፈጣሪ” ብሎ የሽቅርቅሩን ስም ሲጠራ፣ ከመድረኩ ጀርባ ባለው ትልቅ ሸራ ላይ የእናቷ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተሳሉት ፊደሎች አንድ በአንድ እየሰፉ መጡ። መርፌ ልትነሳ ስትል እናቷ ጭኗን ቆነጠጠቻት።

“ቁጭ በይ። የእህትሽ ቤት ነው።”

ተቀመጠች። ሽቅርቅሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ስላሳለፋቸው እንቅልፍ አልባ ቀናት ተናገረ። እህቷ ከሁሉም አስበልጣ አጨበጨበች።

በማግስቱ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ የባሏን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር።

“ፊደሉን የሳልኩት እኔ ነኝ።”

“የትኛውን?”

“ትናንት ያጨበጨብሽለትን።”

እህቷ ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንዳስቀመጠች ቀና አለች። “ጠይቄዋለሁ እኮ እትዬ። ‘እሷ በእርሳስ ሞነጫጭራ ነበር፣ ፊደል ያደረግኩት እኔ ነኝ’ ብሎ በልጆቼ ምሎልኛል።”

“አንቺስ አመንሽው?”

“በልጆቼ ነው የማለልኝ! አንቺ ልጅ ስለሌለሽ ምን ማለት እንደሆነ አይገባሽም። ባል የለሽ፣ ቤት የለሽ፣ እኔ አንዴ ደስ ሲለኝ አላስችልሽ አለ። ምቀኛ ነሽ። ድሮም ምቀኛ ነበርሽ።”

ሸሚዙ መጨስ ጀመረ። ሁለቱም ዘለው ካውያውን አነሱ፤ ጀርባው ላይ ግን ቡናማ የካውያ ቅርጽ ቀርቶ ነበር። መርፌ ወጣች። ፊደሉን ምናልባት በጊዜ ብዛት ትተወው ነበር። ምቀኛ የምትለዋን ቃል ግን አልተወቻትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ሽቅርቅሩ በገዛ አፉ፣ እህቷ እየሰማች፣ ፊደሉ የማን እንደሆነ እንዲናገር።

ድንጋይ ቤቱን የሚያስተዳድሩት ሽማግሌ አባባ ይባላሉ። በመዶሻ ድምፅ ብዛት ጆሯቸው ደንቁሯል። መርፌ ማተሚያ ቤቱን ለቅቃ ሥራ ስትጠይቃቸው፣ “ስትጮኺ ብቻ ነው የምሰማሽ፤ ስለዚህ መጮህ የማይገባውን ወሬ ለሌላ ሰው ንገሪ” አሏት። ደስ አላት። ብዙ የምታወራው አልነበራትም።

የድንጋይ ሥራ ብዙውን ጊዜ የመቃብር ሥራ ነው። መርፌ ያበጠውን አቃፊ አምጥታ ለድንጋይ እንዲሆን እንደገና ሳለችው። ድንጋይ ላይ የሚነበበው መሮው በቆፈረው ውስጥ የሚያርፈው ጥላ ስለሆነ ቀጭኑን ይበልጥ አሰፋችው፣ ጉድጓዱንም አጠለቀችው። ያ ዘንበል ያለ ፊደል ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁበት በየመቃብሩ ራስጌ ምንም ሳይሆን ቆመ። እናቷ ስትሞትም የራስጌዋን ድንጋይ የቀረጸችው እሷ ናት።

ድንጋዩ የቆመ ዕለት ሽቅርቅሩ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበና እንባውን ጠረገ።

“እንዴት ያለ የሚያምር ጽሑፍ ነው! የማን ፊደል ነው?”

“የኔ” አለች መርፌ።

“ጎበዝ” አላት ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ።

እህቷ ድንጋዩን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው፤ ቀጥሎ ባሏን አየችው። መርፌ ሁለቱንም አየች።

ሽቅርቅሩ አዲስ ሕንፃ አሠራ። ከፊት፣ አውቶቡሶች በሚያልፉበት መንገድ በኩል፣ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ የድንጋይ ጽሑፍ አማረው። ጎበዝ ቀራጭ የቱ ጋ አለ ሲል ሁሉም የጠቆሙት አባባን ነው። ከሚስቱ ጋር ሆኖ ነጭ ጫማውን ከድንጋዩ ዱቄት እየሸሸ ገባ።

“ዋርሳዬ! አንቺ ካለሽማ በዘመድ ነው የምሠራው። ያለፈው አልፏል፣ አይደለም እንዴ?” የጽሑፉን ወረቀት ዘረጋላት። *የዚህ ቤት መሥራች፣ የዝነኛው ፊደል ፈጣሪ* ይልና ከሥር ስሙ በትልቁ ይከተላል። “በራሱ በፊደሉ ነው የምትቀርጪው። በኔው።”

“ባንተው” አለች መርፌ።

ከግቢው ድንጋዮች መሀል በጣም ነጩንና በጣም ለስላሳውን መረጠ። አባባ ፊታቸው ጠቆረ። ክንዷን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷት፤ መስማት የተሳነው ሰው በሚያንሾካሹክበት ድምፅ፣ ማለትም ግቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ “ይሄ ድንጋይ ሳሙና ነው! ያን ፊደል አይሸከምም! ንገሪው!” አሏት።

“ያዘዘውን ነው የምሠራው።”

“ከኔ ቤት ሳይነገረው የወጣ ደንበኛ የለም። ንገሪው ብያለሁ!”

ተመልሳ ሄደች። እህቷም አባባም ባሉበት እየጮኸች ተናገረች፦ “ይሄ ድንጋይ ለስላሳ ነው። ቀጭኑ መስመር አይበረክትበትም። ወይ ጥቁሩን ድንጋይ እናድርገው፣ ወይ ቀጭኑን ላብላው።”

“አበጠ ልትዪኝ ነው?” ሽቅርቅሩ ወደ ሚስቱ ዞሮ ጠቀሳት። “ይቺ ሴት ዛሬም የማበጥ ነገር አልወጣላትም! ፀጉር ታህል እንዳትጨምሪበት። አንቺ አትጨነቂ፣ ፊደሉን እኔ ነኝ የማውቀው።”

“ሰምተሃል፣ አይደል?”

“ሰምቻለሁ።”

“አባባ፣ ሰምቻለሁ ብሏል!” ብላ ጮኸች።

“እንግዲህ ይቻለው” አሉ አባባ፣ ወደ መዶሻቸው እየሄዱ።

በሕይወቷ እንደዚያ ተጠንቅቃ ሠርታ አታውቅም። የመሮዋን ጫፍ በየጊዜው ትስለዋለች። ቀጭኑ መስመር ላይ ስትደርስ ድሮ እንዳደረገችው ትንፋሿን ትይዛለች። ከታዘዘችው አንድ ፀጉር አላሳነሰችም፤ አንድ ፀጉር አልጨመረችም። የገዛ ልጇን ለጅብ እንደምታሰማምር ሴት ሆና እንደነበር ታውቀዋለች፤ ቢሆንም እጇ አልሰነፈም። ሲያልቅ ሠራተኞቹ ሁሉ መዶሻቸውን ጥለው መጥተው ተሰበሰቡ። አባባ ድንጋዩን በመዳፋቸው ዳሰሱትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ያሳዝናል” አሉ።

ምረቃው አማረ። ሽቅርቅሩ መጋረጃውን ሲገልጥ ሰው ሁሉ “ውይ!” አለ። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ድንጋዩ ምንጊዜም ነጭ ሆኖ እንዲታይ ፈልጎ ስለነበር ለዘበኛው ጠንካራ ብሩሽና ሳሙና ገዝቶ በየጠዋቱ እንዲያሸው አዘዘው። መርፌ ይህን ስትሰማ እራቷን አምሯት በላች።

ዝናቡ ሲመጣ ሥራው ተጠናቀቀ። ከላይ ውሃ፣ ከታች የአውቶቡሶቹ ንዝረት፣ በየጠዋቱ የዘበኛው ክንድ። መጀመሪያ የሄዱት የስሙ ቀጫጭን መስመሮች ናቸው። ቀጥሎ “ፈጣሪ” የምትለዋ ቃል ተበታተነች። ዝናቡ ሲያባራ ግድግዳው ላይ የቀሩት ወደ ቀኝ ዘንበል ያሉ ወፋፍራም እንጨቶች ብቻ ነበሩ፤ ክብሪት ተበትኖ የተለጠፈ ይመስላል። ሰው ደግሞ ነገር አያጣም። የአውቶቡስ ረዳቶች ከማተሚያ ቤቱ ፊት ሲደርሱ፣ “ክብሪት ቤት፣ ወራጅ አለ?” እያሉ መጣራት ጀመሩ። ነገሩ ከአውቶቡስ ወደ ሰፈር ገባ፤ ከሰፈር ወደ ደንበኞች ሄደ። ሽቅርቅሩ የሚለው ስም ተረስቶ ሰውየው ራሱ ክብሪቱ ሆነ።

ነገር ሲመጣ ተያይዞ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ትልቅ ሆቴል ስሙን በዚያ ፊደል በሳሙናው ላይ፣ በፎጣው ላይ፣ በቁልፉ መያዣ ላይ እንዲያትምለት አዝዞት ነበር። ናሙናው ሲወጣ ሳሙናው ላይም ክብሪት ወጣ። ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ልጆች ቀጭኑን እናወፍር ብለው ሲሞክሩ ወፍራሙም አብሮ ወፈረ፤ እግሩ ውሃ የቋጠረ ሰው ሆነ። የሆቴሉ ሰዎች ሳቁ። ደግመው እንዲህ ያለ ነገር ካዩ ወደ ሌላ ማተሚያ ቤት እንደሚሄዱ ነገሩት።

ያኔ ያበጠው አቃፊ ትዝ አለው።

ሚስቱን አስከትሎ ድንጋይ ቤት ሲመጣ መዶሻው ሁሉ ይጮኻል። ነጭ ጫማው ዱቄቱ ውስጥ ገባ፤ ልብ አላለውም።

“አበላሽተሽኛል” አላት።

“እንዳዘዝከኝ ነው።”

“አውቀሽ ነው!”

“ነግሬህ ነው።”

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ድምፁን አለሰለሰ። “ስሚኝ ዋርሳዬ። ያን አቃፊ ስጪኝ። ያበጠውን። ድንጋዩንም እንደገና ትሠሪዋለሽ፣ የሆቴሉም ነገር ይቃናል። ሁላችንም እንጠቀማለን።”

“ማን ነው የሳለው?”

“ምን?”

“ፊደሉን።”

ወደ ሚስቱ ሰረቅ አድርጎ አየ። እህቷ በሩ ላይ ቆማ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ወደ መርፌ ጆሮ ጎንበስ አለ። “አንቺ ነሽ። እሺ? አንቺ ነሽ የሳልሽው።”

“አባባ አልሰሙም” አለች መርፌ፣ ከመሮዋ ላይ ዱቄቱን እፍ እያለች።

“እሳቸው ምን አገባቸው?”

“ቤቱ የሳቸው ነው። እሳቸው ያልሰሙት ነገር እዚህ ቤት አልተባለም።”

የሽቅርቅሩ አንገት ቀላ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “እሷ ናት የሳለችው!” አለ።

አባባ መዶሻቸውን አቁመው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። “ማን ሞተ?”

አንዱ ቀራጭ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም መዶሻውን አቆመ። ግቢው እንዲያ ፀጥ ብሎ አያውቅም።

“እሷ ናት!” ብሎ ጮኸ ሽቅርቅሩ። “ፊደሉን የሳለችው እሷ ናት!”

“የቱን ፊደል?” አሉ አባባ።

“ሁሉንም! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው! እኔ አንድም መስመር አልሳልኩም!”

“እ” አሉ አባባ፣ እንደገባቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ። መርፌ በኋላ ስታስበው ከመጀመሪያውም ሳይሰሙ አልቀሩም።

ከበሩ በኩል የእህቷ ድምፅ መጣ። ቀስ ያለ ድምፅ ነበር።

“እኔም አልሰማሁም” አለች። “ድገመው።”

ሽቅርቅሩ ዞሮ አያት። እህቷ ዓይኗን አልሰበረችም። “በልጆቼ ነው የማልክልኝ። ድገመው ብዬሃለሁ።”

ደገመው። በዚህኛው ጊዜ አልጮኸም፤ ግን ከሁሉ የከበደው ይኸኛው ነበር። እህቷ ቦርሳዋን ከፍታ መሀረብ ፈለገች፣ አላገኘችም፣ ዘጋችው። ወደ መርፌ ቀረበች።

“እትዬ፣ ያን ጊዜ ያልኩሽን ቃል... ምቀኛ ያልኩሽን... አንስቼዋለሁ።”

“ሰማሁ” አለች መርፌ።

ሌላ ቃል አልጨመረችላትም። እህቷ ትንሽ ጠብቃ፣ ምንም እንደማይመጣ ስታውቅ፣ ባሏን ሳትጠብቅ ወጣች።

“በይ እንግዲህ” አለ ሽቅርቅሩ ላቡን እየጠረገ። “የፈለግሽውን አግኝተሻል። አቃፊውን ስጪኝ።”

“እኔ እሰጥሃለሁ አልኩህ? ማን ሳለው ብዬ ነው የጠየቅኩህ። መለስክልኝ።”

“አታሹፊብኝ!”

“ያበጠውን ውሰጂው አልከኝ፤ ወሰድኩት። አሁን ያለው እናቴ ራስጌ ነው። አይተኸዋል። ‘እንዴት ያምራል’ ብለህ አልቅሰህበታል።”

ያ የመቃብር ድንጋይ በዓይኑ እየመጣበት እንደሆነ ሽቅርቅሩ ፊት ላይ ይነበባል።

“ሄደህ ቅዳው” አለችው መርፌ። “መቅዳት እንደሆነ አዲስህ አይደለም።”

አቃፊው የተቀመጠችበት ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ጉልበቷ ይነካዋል። መዶሻዋን አነሳች። ሌሎቹም አነሱ።

በሳምንቱ እናቷ መቃብር ላይ አበባ ልታስቀምጥ ስትሄድ አገኘችው። የጭቃውን ነገር ትቶት፣ በሁለት ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ስስ ወረቀት ድንጋዩ ላይ ለጥፎ በእርሳስ ጠርዝ ያሸዋል። የመቃብሩ ዘበኛ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከላዩ ቆሟል።

“ዘመዳቸው ኖት?” ይለዋል።

“አማች ነኝ።”

“ታዲያ አማች ሬሳ ላይ ምን ይሞነጫጭራል?”

ንፋሱ ወረቀቱን እያነሳበት ነበር። በአንድ እጁ ሲይዝ በሌላው በኩል ይላቀቃል፤ የወጣለትም መስመር ጥምም ይላል። ሽቅርቅሩ ቀና ሲል መርፌን አያት። አበባውን ይዛ ቆማለች።

ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ፊደል ለጥላ ተብሎ የሰፋ ነው። ወረቀት ላይ ሲቀዳ ይደፈጠጣል፤ ሳሙና ላይ ሲወርድ ደግሞ ቀጭኑና ወፍራሙ አንድ ላይ ይዋጣሉ። ክብሪቱ አሁን ደግሞ ፍልጥ ይሆናል። የሆቴሉ ሰዎችም ያን ሲያዩ ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድመው ተናግረዋል። ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልትነግረው ትችል ነበር።

አበባውን አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ፣ ወረቀቱ እንዳይንሸራተትበት፣ ንፋሱ የሚያነሳውን ጫፍ አጥብቃ ያዘችለት።